ልጄ የኮሮናን ቅርፊት እየሠራች ነው፤ ልስጋ?

የዚህ ወር የጥያቄና መልስ ዓምድ ከወትሮው ይረዝማል። ከሰሜን ሸዋ ሦስት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ የጠየቁት ነገር ግን ተቀራራቢ ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ስለዚህ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ።

ጥያቄ፣ ከመንዝ ሞላሌ፦ ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምትጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። እኔ የበግ ፀጉር እየፈተልኩ፣ ባና እያሠራሁ ልጆቼን ያሳደግሁ ሴት ነኝ። ትልቋ ልጄ ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ባለፈው እሑድ ደወለችና «እማዬ፣ አሁን የኮሮናን ቅርፊት እየሠራሁ ነው» አለችኝ። ክው አልኩ። «ምን ቸገረሽና ነው እሱን የምትነኪው?» ስላት «አይዞሽ፣ ባዶ ነው፣ አይዝም» አለችኝ። ወዲያው ኔትወርኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በዚያ በሽታ ወንድሜን ቀብሬያለሁ። የገደለንን ነገር ሰው በእጁ ይሠራል? ይቅርብሽ ልበላት? ታናሿም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ «እኔም እንደሷ ነው የምሆነው» ትላለች። እውነቱን ሳትደብቁ ንገሩኝ።

መልስ፦ እትዬ፣ በመጀመሪያ ለወንድምዎ ነፍስ ይማር። እርስዎንም ያጽናዎት።

እንቅልፍዎን የሚመልሰውን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። ልጅዎ በሽታ እየሠራች አይደለም። የምትሠራው ቅንጣት አይራባም። ሰው አያሳምም። ከአንዱ ወደ ሌላው አይተላለፍም። «ባዶ ነው» ስትልዎት እውነቷን ነው። ግን «አይዞሽ» የሚለው ቃል ብቻውን ለእናት አይበቃም። ስለዚህ ምኑ ባዶ እንደሆነ ላስረዳዎት።

ፍርሃትዎን በራሴ ቤት አይቼዋለሁ። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ሰው መያዙ ሲነገር ደብረ ብርሃን ነበርኩ። በዚያ ክረምት ሥራዬ ከሰው አፍንጫና ጉሮሮ ናሙና መውሰድ ነበር። እናቴ የምትኖረው አንጎለላ ነው። አራት ወር ሙሉ ቤቷ አልገባሁም። እሑድ እሑድ እሄድና ከካቡ ውጭ እቆማለሁ። እሷ አገልግሉን ካቡ ላይ ታስቀምጥና ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ትመለሳለች። እኔ የገብስ እንጀራዋን ቆሜ እበላለሁ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች። አንድ ቀን የናሙና ቱቦ ስከድን ጓንቴ ተቀደደ። ሁለት ሳምንት ለብቻዬ ተቀመጥኩ። እናቴ ያን ሁለት ሳምንት እህል በአግባቡ አልቀመሰችም። አልያዘኝም፤ ተመስገን። ግን ያኔ በእጄ የነበረው ፍሬ ያለው ነገር ነበር። በልጅዎ እጅ ያለው ፍሬ የለውም።

«ፍሬ» ያልኩት አስቤበት ነው። እርስዎ የመንዝ ሰው ነዎት፤ ውርጭ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ገብሱ ሊያፈራ ሲል አንድ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ከርሞ ሲያዩት ዛላው እንደ ቆመ ነው። ሹሉም አለ። ከመንገድ ያየው ሰው «ዘንድሮስ ጥሩ ነው» ይላል። ባለቤቱ ግን ያውቃል፤ ፍሬ የያዘ ዛላ ጎንበስ ይላል፣ ይሄ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዛላውን ቆርጠው በመዳፍዎ አሽተው እፍ ሲሉት ሁሉም ገለባ ሆኖ ይበናል። መዳፍዎ ላይ አንድ ፍሬ አይቀርም። ያንን ገለባ የትም ቢዘሩት አይበቅልም።

የልጅዎ ሥራ ይህን ይመስላል። መልኩ ኮሮና ነው፤ ውስጡ ዘር የለም። በገብሱ ላይ ፍሬውን ያስቀረው ውርጭ ነው። እዚህ ግን እሷ ራሷ ናት ከመጀመሪያውም ያላስገባችው።

ቫይረስ ቅርፊትና ፍሬ ነው። የኮሮናው ፍሬ አር ኤን ኤ ይባላል። 30,000 ገደማ ፊደላት ያሉት አንድ ረጅም ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚናገረው ስለ መራባት ነው፤ በሰው ሴል ውስጥ፣ ማለትም ገላችን ከተሠራባቸው ጥቃቅን ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ገብቶ ራሱን እንዴት እንደሚያባዛ። ይህ ጽሑፍ የሌለው ቅንጣት ሴል ውስጥ ቢገባ እንኳ የሚያዘው ነገር የለም። እዚያው ፈርሶ ይቀራል።

አካሉን የሚሠሩት አራት ፕሮቲኖች ናቸው። ሳይንቲስቶች እያንዳንዳቸውን በአንድ ፊደል ይጠሯቸዋል፦ ኤስ፣ ኤም፣ ኢ እና ኤን። ኤስ ከላይ የሚወጣው እሾህ ነው፤ የሴላችንን በር የሚይዘው እሱ ነው። ኤም ግድግዳው ነው፤ በቁጥር ከሁሉም ይበዛል። ኢ ትንሽ ነው፤ ግድግዳው ሲጎብጥና ሲቆረጥ ያግዛል። ኤን ውስጥ ሆኖ ፍሬውን ይጠቀልላል።

አሁን ልጅዎ ላቦራቶሪ ስትገባ ምን እንደምታደርግ ልሳልልዎ። ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ዕቃ አለ። ውስጡ እንደ ጽጌረዳ ቀላ ያለ ፈሳሽ አለ። የዕቃው ወለል ላይ በዓይን የማይታዩ ሴሎች ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ፈሳሹ ምግባቸው ነው። ሙቀቱ እንደ ሰው ገላ 37 ዲግሪ ነው። ልጅዎ ለእነዚህ ሴሎች የአራቱን ፕሮቲኖች የአሠራር መመሪያ ለየብቻ ትሰጣቸዋለች። ከአንድ ትልቅ መጽሐፍ አራት ገጽ ብቻ ቀድቶ እንደ መስጠት ነው። ስለ መራባት የሚያወራው ምዕራፍ እዚያ ክፍል ውስጥ የለም። ሴሎቹ የተሰጣቸውን ያነባሉ። አራቱን ፕሮቲኖች ይሠራሉ።

ስንት ዓመት በዚህ ሙያ ቆይቼ እስካሁን የሚገርመኝ ቀጥሎ የሚሆነው ነው። ፕሮቲኖቹን ማንም አይገጣጥማቸውም። ሸማኔም ግንበኛም የላቸውም። አንዱ ኤም ሌላውን ኤም ይይዛል። ኤሞቹ ሲበዙ የተጣበቁበት ስስ የስብ ሽፋን ይጎብጣል። ኤስን በጅራቱ ይይዙታል፣ ኤንንም ይስቡታል። ሽፋኑ እንደ ጠላ አረፋ ያብጣል። አንገቱ እየጠበበ እየጠበበ ይሄዳል። ከዚያ ይቆረጥና አንድ ድቡልቡል ቅንጣት ይሆናል። ሴሉም ወደ ውጭ ያወጣዋል። ከሁለት ቀን በኋላ ልጅዎ ያንን ቀላ ያለ ፈሳሽ ትሰበስባለች። በጣም ፈጣን በሆነ ማሽን አሽከርክራ ቅንጣቶቹን ከታች ታስቀራቸዋለች። ቫይረስ መሰል ቅንጣት የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ትንሽነታቸውን በሙያዎ ልንገርዎ። ከሚፈትሉት የበግ ፀጉር አንዲት ዘለላ ይምዘዙ። ውፍረቷ 30 ማይክሮ ሜትር (የሚሊ ሜትር 30 ሺኛ እጅ) ቢሆን፣ በወርዷ ላይ ጎን ለጎን 300 ያህል ቅንጣት ይደረደራል። በተራ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ዙሪያቸውን አክሊል የደፉ ይመስላሉ። ስሙም የመጣው ከዚያ ነው፤ ኮሮና በላቲን አክሊል ማለት ነው። ይህን አክሊል በማይክሮስኮፕ ካዩት ቀደምት ሰዎች አንዷ ጁን አልሜዳ የምትባል ስኮትላንዳዊት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ። ትምህርቷን በ16 ዓመቷ አቋርጣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የተቀጠረች ሴት ናት። ለታናሿ ልጅዎ ይንገሩልኝ።

ታዲያ ባዶ ቅርፊት ምን ይሠራል? ካሉኝ፣ ትልቁ ጥቅሙ ያለ ፍርሃት ማጥናት ነው። ሕይወት ያለውን ኮሮና ለማራባት ልዩ ክፍል ያስፈልጋል። አየሩ ወደ ውስጥ ብቻ የሚሳብ፣ የሚወጣው የሚጣራ፣ ሰዉ ተሸፋፍኖ የሚገባበት። ይህ ውድ ነው፤ በየአገሩ የለም። ቅርፊቱን ግን ጓንትና ጋውን ለብሶ በመደበኛ ጥንቃቄ መሥራት ይቻላል። ጎበዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ነገር ጨመሩበት። ቅርፊቱ ውስጥ ብርሃን የሚያወጣ ፕሮቲን መመሪያ ብቻ አስገቡ፤ አብሪ ትል ላይ እንደምናየው ያለ ብርሃን። ቅንጣቱ ሴል ውስጥ ከገባ ሴሉ ያበራል። ካልገባ ጨለማ ነው። ከዚያ የተከተበ ሰው ደም ጠብ አድርገው ያያሉ፤ ብርሃኑ ከጠፋ ክትባቱ በሩን ዘግቶታል ማለት ነው። ያበራው ሴል ለጎረቤቱ የሚያስተላልፈው ነገር የለም። ነገሩ እዚያው ሴል ላይ ያበቃል።

ሁለተኛው ጥቅም ክትባት ነው። እዚህ ላይ እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ይህ ባዶ ቅርፊት ቀድሞ ቤትዎ ገብቶ ሊሆን ይችላል። አገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልጃገረዶችን የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ትከትባለች። ታናሿ ትምህርት ቤት ተከትባ እንደሆነ ይጠይቋት። ያ ክትባት ቫይረስ መሰል ቅንጣት ነው። ካንሰሩን የሚያመጣው የፓፒሎማ ቫይረስ ቅርፊት ነው፤ ኤል 1 የሚባል አንድ ፕሮቲን 360 ጊዜ ተደርድሮ ራሱን የሚሠራው። ዘር የለውም። ገላችን ቅርፊቱን አይቶ መልኩን ይይዛል። እውነተኛው ሲመጣ ያውቀዋል።

በኮሮናም ተሞክሯል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2022 የፈቀደችው አንድ ክትባት ኤስን ብቻ የተሸከመ ቅርፊት ነበር፤ ያደገውም የትንባሆ ዘመድ በሆነ ተክል ቅጠል ላይ ነው። ገበያ ላይ አልቆየም። በቱርክም አራቱንም ፕሮቲኖች የያዘ ክትባት በሰው ላይ ተሞክሯል።

«ይቅርብሽ ልበላት?» ላሉኝ፣ እባክዎ አይበሏት። ወንድምዎን የወሰደውን በሽታ ጠባይ ለማወቅ የምትደክም ልጅ ናት። ቀጥሎ ስትደውል የቅንጣቱን ፎቶ እንድትልክልዎ ይጠይቋት። የጎረቤትዎ ልጅ በስልኳ ትክፈትልዎ። አክሊሉን በዓይንዎ ይዩት። ያኔ «ውስጡስ?» ብለው ይጠይቋት። ደስ ብሏት ታስረዳዎታለች።

ጥያቄ፣ ከደብረ ሲና፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ከአራቱ ፕሮቲኖች የትኛው ቢጎድል ቅርፊቱ አይሠራም?» ብለው ያዙኝ። ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ኤስ ነው። እኔም ኤስ ነው ብዬ ልመልስ ስል ተጠራጠርኩ። ደግሞስ ይሄ ነገር ፕሴዶቫይረስ ከሚባለው በምን ይለያል?

መልስ፦ መምህር፣ መጠራጠርዎ ጥሩ ነው። መልሱ ኤም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 በአይጥ ኮሮና ቫይረስ ላይ የተሠራ ጥናት ኤምና ኢ ብቻቸውን ቅርፊቱን መሥራት እንደሚችሉ አሳየ። ኤን አያስፈልግም ነበር። ኤስ ሲጨመር ይሳፈራል፤ ባይኖር ቅንጣቱ እሾህ አልባ ሆኖ ይወጣል እንጂ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓለምን ባስጨነቀው ሌላ ኮሮና ቫይረስ፣ በሳርስ ላይ ግን ላቦራቶሪዎች አልተስማሙም። አንዱ ኤምና ኢ ይበቃሉ አለ። ሌላው ኤምና ኤን ነው አለ። በኋላ ሦስቱ አብረው ሲኖሩ ምርቱ እንደሚበዛ ታየ። የሴሉ ዓይነትና የፕሮቲኖቹ መጠን ውጤቱን ይቀይራል። ልጆቹ ይህን ክርክር ቢሰሙ ደስ ይለኛል፤ ሳይንስ እንዲህ ነው የሚሠራው። በሁሉም ጥናት ውስጥ ግን ኤም አለ።

መጠናቸውን ሰሌዳ ላይ ይጻፉላቸው። ኤስ 1,273 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ ቁራጭ) ነው። ኤን 419። ኤም 222። ኢ ደግሞ 75 ብቻ። ያቺ ትንሿ ኢ ናት ቅንጣቱ እንዲቆረጥ የምታግዘው። ኤስ ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የሚቆመው፤ በአንድ ቫይረስ ላይ በአማካይ 25 ያህል እሾህ ይቆጠራል። መጽሐፍ ላይ ዙሪያውን ጥቅጥቅ አድርገው የሚስሉት ትክክል አይደለም።

ስለ ፕሴዶቫይረስ፦ እሱ የሌላ ቫይረስ ገላ ሆኖ የኮሮናን ኤስ ብቻ የለበሰ ነው። ስለ ኤስ ለመጠየቅ ይጠቅማል። ስለ ሌሎቹ ሦስቱ ግን ምንም አይነግርዎትም። ከላይ የጠቀስኩት የ2021 ጥናት የተነሳው ከዚህ ነው። ከሠሩት መካከል የኖቤል ተሸላሚዋ ጄኒፈር ዳውድና አለችበት። በአራቱም ፕሮቲኖች የተሠራ ቅርፊት ይዘው ኤስና ኤን ላይ 30 ለውጦችን አንድ በአንድ ፈተኑ። ሁሉም ዓይኑ ኤስ ላይ ነበር። ብርሃኑን እስከ 10 እጥፍ ያሳደጉት ግን ኤን ላይ ያሉ ለውጦች ሆኑ። እነዚያ ለውጦች በፍጥነት በተሰራጩት ዝርያዎች ላይ የታዩ ናቸው፤ ዴልታንም ጨምሮ። ማለትም ዴልታ እንዲያ የሮጠው በር የመክፈት ችሎታው ስላደገ ብቻ ላይሆን ይችላል። ፍሬውን በቅርፊቱ ውስጥ የማሸግ ችሎታውም አድጎ ነበር። ቅርፊቱን ሙሉ አድርገው ባይሠሩት ኖሮ ይህን አያዩትም ነበር።

ጥያቄ፣ ከመሃል ሜዳ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። አንድ ባለሙያ «የጉበት ቫይረስ ክትባትም ባዶ ቅርፊት ነው» ሲል ሰማሁ። እኛ ለሕፃናት የምንሰጠው ፔንታቫለንት ውስጥ ያለው ነው? ሌላው፣ የኛ አገር ብርድ ነው። ክትባቱ ሌሊት ቢቀዘቅዝበት ይሻለዋል እንጂ ምን ይሆናል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያው እውነት ነው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የምትወጊው ፔንታቫለንት አምስት በሽታ ይከላከላል። ከአምስቱ የሄፓታይተስ ቢው፣ ማለትም የጉበት ቫይረሱ ክፍል የቫይረሱ የላይ ሽፋን ፕሮቲን ነው። እርሾ ውስጥ ይሠራል፤ ጠላና ዳቦ የምናስነሳበት እርሾ ወይም ዘመዱ በሆነ። እዚያ ራሱን ሰብስቦ ትንሽ ቅንጣት ይሆናል። በዚህ መንገድ የተሠራው ክትባት መጀመሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። አገራችን ፔንታቫለንትን የጀመረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከኮሮናው ቅርፊት በፊት የመጣ ታላቅ ወንድሙ በይው።

ሁለተኛው ግን በፍጹም እውነት አይደለም። ይህን ለሚሉሽ ሰዎች አጥብቀሽ ንገሪልኝ። ፔንታቫለንት ሙቀት ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ በረዶ መሆንም ይገድለዋል። ቅንጣቶቹ የተጣበቁት አሉሚኒየም ባለው ጨው ላይ ነው። ሲረጋ ያ ጨው እየተጓጎለ ይዘቅጣል። ቢቀልጥም ወደ ቦታው አይመለስም። ሕፃኑ ይወጋል፣ ያለቅሳል፣ መከላከያው ግን አይኖረውም። የማኅፀን በር ካንሰሩ ክትባትም እንዲሁ ነው። መቀመጫቸው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው።

ስለዚህ ወደ ቀበሌ ስትወጪ የበረዶ ጥቅሉን ከማቀዝቀዣ አውጥተሽ ወዲያው ከብልቃጡ ጋር አታስጠጊው። ውጭ አቆዪው። ስታወዛውዢው ውስጡ ውኃ ሲንቀሳቀስ መስማት አለብሽ። ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት ወር ሳጥኑን ግድግዳ ስር ወይም በረንዳ ላይ አታሳድሪው።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው በረዶ ሆኖ ካገኘሽው አይሠራም፤ አስወግጂው። በረዶ ሆኖ የቀለጠ መስሎሽ ከተጠራጠርሽ ግን የመነቅነቅ ፍተሻ አድርጊ። ከዚያው ፋብሪካና ከዚያው የምርት ቁጥር አንድ ብልቃጥ ሌሊቱን በረዶ ቤት አሳድረሽ በረዶ አድርጊው፤ ምልክትም አድርጊበት። ጠዋት አቅልጪው። ከተጠራጠርሽው ጋር ሁለቱንም አንድ ላይ ነቅንቂና ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። እስከ ግማሽ ሰዓት እያየሽ ቆዪ። የረጋው ቶሎ ይዘቅጣል፤ ከታች ነጭ አተላ፣ ከላይ ጥርት ያለ ውኃ ታያለሽ። የተጠራጠርሽውም እኩል ወይም ቀድሞ ከዘቀጠ ለማንም ልጅ እንዳትወጊው። ለወረዳው ደውዪና ሌላ አስመጪ። እናቶቹንም በየቤታቸው ሄደሽ ቀን ቀይሪላቸው።